ዘጠና ስድስት ጊዜ የጻፍኩት

«ከሳህኑ ሥር ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ይህን የጠየቁኝ እመቤቴ ወይዘሮ ዩ ነበሩ፤ በልጃቸው ሠርግ ላይ፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጽሑፉ የእጄ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ዘጠና ስድስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። መልሱን ግን አላውቀውም ነበር።

ዛሬ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ለልጄ ለዌንጁን ደብዳቤ መጣላት። በሯን ዘግታ አነበበችው፤ እኔ ከበሩ ውጭ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነበር። ምንም አላልኳትም። እናት ስትፈራ አንደበቷ ይተሳሰራል። ስለዚህ በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ አደርገዋለሁ፤ ያለፍኩበትን ታውቀው።

*

የኛ የጂንግዴጄን ከተማ ሰው የሚኖረው በነጭ ሸክላ ሥራ ነው። አንድ ሳህን በሰባ ሁለት እጅ ያልፋል ይባላል። ሐረጉን የሚስለው ቀለም አይሞላም፤ ቀለም የሚሞላው ሐረግ አይስልም፤ በዳሩ ዙሪያ መስመር የሚያሰምረው ሲያሰምር ያረጃል። ማንም የራሱን ስም አይጽፍበትም። የኔ ድርሻ የሳህኑ ቂጥ ነበር። እዚያ ላይ የንጉሥ ስም እጽፋለሁ።

ያን ጊዜ ነገሥታቱ ከዙፋን ከወረዱ አሥራ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ገበያው ግን ያኔም የሚወደው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተውን ንጉሥ ስም ነበር፤ በሁለት ረድፍ የተጻፉ ስድስት ፊደሎች፣ በኛ አጻጻፍ አንዱ ፊደል አንድ ቃል ነው። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሳል ይዞት አልጋ ላይ በዋለበት በመጨረሻው ዓመት እጄን በእጁ ይዞ አስለመደኝ፤ የትኛው መስመር ይቀድማል፣ ብሩሹ የት ላይ ይጫናል፣ የት ላይ ይነሳል። ስድስቱ አንድ ላይ ሲባሉ እንደ ዜማ ያንጎራጉራቸው ነበር፦ «በታላቁ ቺንግ፣ በካንግሺ ዘመን ተሠራ።» ቺንግ ሥርወ መንግሥቱ፣ ካንግሺ ንጉሡ ነው። ከዚያ ወዲያ ፊደል አላስተማረኝም። ጊዜ አጥቶ ይሁን፣ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ብሎ፣ አላውቅም። ሞተ።

እኔ እንግዲህ ፊደል የማላውቅ ጸሐፊ ሆንኩ። ወረቀት ላይ ያለውን ማንኛውንም ፊደል አይቼ ሳልሳሳት እገለብጠዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ይህን ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጽሑፌ በስሜ «የጻይፒንግ እጅ» ይባል ነበር በከተማው። እንዲህ አሳምራ የምትጽፍ ማንበብ አትችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሃንሼንግም አልጠረጠረም።

ሃንሼንግ የእመቤቴ ልጅ ነው። በናንቻንግ ከተማ ትምህርቱን ጨርሶ በጸደይ መጣና በእናቱ ሥራ ቤት ንድፍ ይስል ጀመር። ወንበሩ ከኔ ፊት ለፊት ነበር። ብሩሼን ባነሳሁ ቁጥር ቀና ይላል፤ እሱ ቀና ባለ ቁጥር እኔ አቀረቅራለሁ።

አንድ ቀን ተነሥቶ መጣና ከትከሻዬ በላይ ቆመ። «በትምህርት ቤታችን እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው አልነበረም» አለ።

ከጎኔ ሰማያዊውን ቀለም የምትሞላው እትዬ ቱ ሳቀች። «ይጠንቀቁ ጌታው! የሷ ብሩሽ ቂጥ ብቻ ነው የሚያውቀው። ፊት አይቶ አያውቅም!»

ሥራ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ቀላሁ። እሱ ከኔ የባሰ ቀላ። የዚያን ቀን ሳቁ ሁሉ የኛ መሰለኝ።

*

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በውኃ መያዣዬ ሥር አጥፎ አስቀመጠልኝ። ቤት ወስጄ አቅንቼም ገልብጬም አየሁት። አባቴ ያስተማረኝን ስድስት ፊደሎች ፈለግኩበት። አንዷ ብቻ ተገኘች፤ «ታላቅ» የምትለው። ስለ ታላቅ ነገር ጽፎልኛል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

የሚያነብልኝ ማን ነው? ያለው ጀልባ መቆሚያው አጠገብ የሚቀመጠው ደብዳቤ ጸሐፊ ብቻ ነው። እሱ ያነበበው ደግሞ ለከተማው ሁሉ እንደተነበበ ይቆጠራል። ለሃንሼንግ እውነቱን ለመንገር ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ግን የወደደው ምኔን ነበር? እጄን አይደል? እጅሽ ባዶ ነው ቢለኝስ?

በስባሪ ሸክላ ላይ አንድ የውኃ ላይ ቅጠል ሳልኩና ሰጠሁት። የስሜ ትርጉም እሱ ነው። በደረቱ ኪስ ከተተው።

«አንቺ በቃል አትመልሺም አይደል?» አለኝ፣ ሳህን ከሚደርቅበት መደርደሪያ ጀርባ።

«የኔ መልስ በብሩሽ ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።

«ጌታዬ አትበይኝ። ሃንሼንግ በይኝ።»

«ሃንሼንግ።»

«አንተ በይኝ።»

«አንተ» አልኩት። አንድ ቃል እንዲህ አፍ እንደሚያሞቅ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ ሦስተኛም። ሦስቱንም በአባቴ የብሩሽ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ውሸት ተናግሬ አላውቅም፤ ዝም ብቻ ነው ያልኩት። ልጄ ሆይ፣ ዝምታም ውሸት መሆኑን እዚህ ላይ ልብ በይ።

*

በሰባተኛው ወር እመቤቴ ወደ ሥራ ቤቱ ገቡ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሁሉን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ብሩሾች ሁሉ ቆሙ።

«ሃንሼንግ ሊያገባ ነው» አሉ። «ሙሽራዋ የጂውጂያንግ ከተማ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የተማረች። ለሠርጉ ዘጠና ስድስት ዕቃ ይሠራል። ሳህኑ፣ ጎድጓዳው፣ የወጥ ማባያው ትንሽ ሳህን ሁሉ ጥንድ ዳክዬና የውኃ አበባ ይሳልበታል። ከሥሩ የንጉሥ ስም አልፈልግም። የሙሽሮቹ ቤት ስም ይጻፋል። ስሙን ሃንሼንግ ራሱ መርጦ በወረቀት ይሰጥሻል፣ ጻይፒንግ።» አጠገቤ መጡና እጄን አዩት። «እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ።»

ፈገግ አሉ። ሁሉን ያውቁ ነበር።

ከወጡ በኋላ እትዬ ቱ ቀለሟን እያማሰለች፣ «አልቅሺ እንጂ» አለችኝ። «ዳክዬውን እንደሆነ እኔ እሞላዋለሁ።»

አላለቀስኩም። ይመጣል፣ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ብዙ ቀን ዋለ። ያን ወንበር እያየሁ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅልኝ አልነበረም።

*

በስምንተኛው ወር መጀመሪያ ቀን መጣ። ከስቷል። እናቱ ከኋላው በሩ ላይ ቆመዋል። የታጠፈ ወረቀት ከብሩሾቼ አጠገብ አኖረ።

«ጻይፒንግ፣ ይኸው። አደራሽን» አለ። ድምፁ ደክሟል። ዓይኔን አንድ ጊዜ አየኝና እናቱን ተከትሎ ወጣ።

ከፈትኩት። አሥራ ስድስት ፊደሎች በአራት መስመር። እንዲህ ረጅም የቤት ስም ጽፌ አላውቅም።

«ባለጸጋ ስሙም እንደ ድግሱ ነው፤ አያልቅም» አለች እትዬ ቱ። እሷም ፊደል አታውቅም።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ከሌላ ሴት ጋር ለሚኖርበት ቤት ስም መረጠ፤ በገዛ እጁ አመጣልኝ፤ ይባስ ብሎ አደራ አለኝ። እንዲህ ያለ ጨካኝ ሰው አለ? ብሩሼን አነሣሁ። በሕይወቴ ከሁሉ አሳምሬ የጻፍኩት ያን ጽሑፍ ነው። ያማረው ከንዴት ነው። እሱ በልቶ ሳህኑን ሲገለብጥ እጄን እንዲያይ፣ አይቶም የበላው እንዲመርረው ፈለግኩ።

በእቶን ያልተተኮሰ ሸክላ ላይ ቀለሙ ሰማያዊ አይመስልም፤ አመድ ነው የሚመስለው። እኔ እንደጻፍኩ ሠራተኛው ይወስድና ነጩን ቅብ ይነፋበታል፤ ጽሑፉ ይጠፋል። ተመልሶ የሚታየው ከእሳት ሲወጣ ነው። በቀን ሃያ ሃያ ጻፍኩ። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰማንያዎቹን አልፌ ነበር። ዘጠና ስድስተኛውን ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ሰጠሁ።

ብሩሼን ሳጥብ ሃንሼንግ ገባ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጭቃ ነው።

«እዚህ ነው የዋልሽው?» አለኝ።

«የት ልዋል?»

«ስትጽፊ።»

«ጨረስኩት። አምሮ ይወጣል፤ ያዩታል።»

ወደ ሳህኖቹ ዞረ። «ይሄ ነው መልስሽ?»

«የሰጡኝን ሠራሁ። ሌላ ምን ይጠበቅብኛል?»

«እርስዎ አልሽኝ?»

«የሚዳር ሰው አንተ አይባልም።»

ሳህኖቹ በመካከላችን ባለው ሳንቃ ላይ ተደፍተው ነበር፤ ነጭ ቅብ ለብሰው፣ ምንም ያልተጻፈባቸው መስለው። እጁን አንዱ ላይ አሳረፈና አነሣ። «ገባኝ» አለ። ሲወጣ የጫማው ጭቃ መሬቱ ላይ ቀረ። የረታሁት መሰለኝ። ቤቴ ስገባ ግን የተረታ ሰው ድካም ነው የተሰማኝ።

*

እቶኑ የተከፈተው ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሴት ወደ እቶን ቤት አትጠጋም፤ እሳቱ ይቆጣል ይባላል። ስለዚህ አላየሁም። ወንዶቹ ዕቃውን ሳይበርድ በገለባ ጠቅልለው ወደ ትልቁ ቤት ወሰዱት። እመቤቴ አንዱን ገልብጠው፣ «እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!» ብለው ለጎረቤት አሳዩ አሉ። እሳቸውም ጎረቤቷም እንደኔው ፊደል አያውቁም።

በሠርጉ ቀን ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ጓሮ ዕቃ ሳጥብ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ የሙሽራዋ አጎት ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንዱን የወጥ ማባያ ሳህን ገለበጠ። የሸክላ ነጋዴ ነው፤ ሳይገለብጥ አይበላም። አነበበ። ሳቀ። ከጎኑ ለተቀመጠው አሳየ። ከዚያ የሁሉም እጅ ሳህን መገልበጥ ጀመረ።

እኔ ተጠራሁ። በእርጥብ እጄ ገባሁ።

«ከሳህኑ ሥር ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አሉ እመቤቴ። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«የሙሽሮቹን ቤት ስም፣ እመቤቴ።»

ሳቅ ተነሣ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

እርጥብ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ።

«አንብቢዋ!» ሳህኑን ደረቴ ላይ ገፉት። «የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም? አንብቢ!»

የተከፈተ አፍ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ሃንሼንግ በቀይ የሠርግ ልብሱ ተቀምጧል። ከአፌ ልትወጣ የምትችል አንዲት ቃል ብቻ ነበረችኝ፤ የአባቴ ዜማ። «በታላቁ ቺንግ... በካንግሺ ዘመን... ተሠራ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ አንዱ ዓይኑን ይጠርጋል። «ሌላም ንጉሥ ጨምሪልን!» አለ አንዱ። ከእመቤቴ በቀር ያልሳቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሃንሼንግ ነው፤ ሁሉ ነገር አሁን ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ሁለተኛዋ ሙሽራዋ ነበረች።

ቀዩን የፊት መሸፈኛዋን በገዛ እጇ ገለጠች። ሳህኑን ከእጄ ወሰደችና ቀስ ብላ አነበበችልኝ፦

«በአምስተኛው ቀን ረፋድ፣ ጀልባ መቆሚያው ላይ እጠብቅሻለሁ። እናቴን ትቼ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ...»

ሦስት መስመር አንብባ አቆመች። አራተኛው ቀርቷል። ቀና ብላ ሃንሼንግን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ አንድ ነገር እንደምትጠብቅ።

«ሃንሼንግ፣ ይህ የማን ቃል ነው?» አሉ እናቱ።

እኔም አየሁት። ዓይኖቼ ለመኑት። አንዲት ቃል ብቻ።

«አላውቅም» አለ። «እጁ የሷ ነው።»

ሙሽራዋ ሳህኑን ወደ ጭኗ ዝቅ አደረገች። እኔ የቆምኩበት መሬት የት እንዳለ ጠፋኝ።

*

ሠርግ ላይ ዕቃ አይሰበርም፤ ገደቢስ ነው። ስለዚህ እመቤቴ ሌላ ፍርድ ፈረዱ። «ሙሽራዋ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተሰቧ ሄዳ ስትመለስ፣ አንድ ፊደል እንዳላይ። በጻፍሽበት እጅ ፍጪው።»

በሚሽከረከረው ሞረድ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ሳህን ሳነሣ፣ «በአምስተኛው ቀን»። ጠረርርር። ሌላውን ሳነሣ፣ «እጠብቅሻለሁ»። አሁን ሦስቱን መስመር በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ሳጠፋቸው ተማርኳቸው። ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ ነጭ ሆነ። አንድ የወጥ ማባያ ሳህን ጎድሏል ተባለ፤ እንግዳ ሰብሮት ይሆናል ብለው ተዉት። ዘጠና አምስት ነበር የሚጠብቀኝ።

በሁለተኛው ቀን ሃንሼንግ መጣ። በሩ ላይ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ማንበብ አልችልም ብለሽ! ያን ቀን ቆሜ፣ ጀልባው ሄዶ... ንቃኝ ነው የቀረችው፤ ሳህኖቹም ላይ ከራሷ የቤት ስም ጽፋ ይሆናል ብዬ...»

ሞረዱን አቆምኩ። «እርስዎስ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ?»

«የኔ ቃል ነው ብለው።»

ተንበርክኮ ዱቄት የሞላበትን እጄን ያዘ። እያለቀሰ ነበር። «ነገ ጠዋት ጀልባ መቆሚያው ላይ። አሁን በወረቀት አይደለም፤ በአፌ ነው የምነግርሽ። ነይ።»

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ይህን ስትጽፍ እንኳ እጄ ታፍራለች። «እሺ... አንተ» አልኩት።

*

ጠዋት ጸጉሬን ታጠብኩ። የአባቴን የብሩሽ ሣጥንና ሦስቱን ደብዳቤዎች በጨርቅ ቋጠርኩ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። «ነገሩን አስበሽበታል?» አለች። ሳምኳትና ሄድኩ። ያልተፈጨ አሥራ አንድ ሳህን ቀርቶኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ሙሽራ ከባሏ ጋር ወደ ቤተሰቦቿ የምትሄድበት መሆኑን ረስቼው አልነበረም። እሱ የተወው መስሎኝ ነበር።

መጣ። ከኋላው ስጦታ የተሸከሙ ሰዎች፣ ከጎኑ እናቱ፣ ፊት ፊት በትከሻ የተያዘው የሙሽራዋ ወንበር። ልሸኝ ብለው እናቱ በመጨረሻ ሰዓት አብረው የወጡ ይመስለኛል። ወይም እንደዚያ ብዬ ማሰብ ይሻለኛል። በሦስት እርምጃ ርቀት በፊቴ አለፈ። ቋጠሮዬን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሃንሼንግ፣ እግርህ እንዳይርስ» አሉት እናቱ። ቀና ብሎ ወደ ጀልባው ገባ።

ከወንበሯ የወረደችው ሙሽራ ግን ቆመች። ከእጅጌዋ ውስጥ ያቺን የጎደለች የወጥ ማባያ ሳህን አወጣችና ቋጠሮዬ ላይ አኖረችልኝ።

«ይቺ አልተፈጨችም» አለች። «አራተኛውን መስመር ራስሽ አንብቢው። እኔ አንቺን ብሆን ከሌላ ሴት አፍ አልሰማውም ነበር።» ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ፊደል ተማሪ፣ አንቺ ልጅ። ሁለተኛ እንዳይቀለድብሽ።»

መቅዘፊያው ውኃውን መታ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ይዞራል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። የጠበቅኩት ጀልባውን አልነበረም፤ አንገቱን ነበር።

*

ደብዳቤ ጸሐፊው ዘንድ አልሄድኩም። በኋላ ላገባሁት ባሌም፣ ለማንም አላሳየሁም። ሳህኗ ላይ ጨው አስቀምጥ ነበር። አርባ ዓመቴ ሲሆን በሠፈራችን ለሴቶች የፊደል ትምህርት ተከፈተ። ከምሳ በኋላ እንሰበሰባለን፤ አስተማሪያችን በዕድሜ ልጄ የምትሆን ነበረች። «እትዬ ጻይፒንግ፣ እጅዎ ከኔ ይበልጣል እኮ!» ትለኝ ነበር። ሰባት ወር ተማርኩ። አንድ ቀን ጨዉን ገለበጥኩና ሥሯን ጠርጌ፣ ጣቴን እያስኬድኩ አራተኛውን መስመር አነበብኩ።

«ባትመጪም፣ በሰው ሁሉ ፊት ስምሽን እጠራለሁ» ይላል።

ሙሽራዋ በአዳራሹ ያቆመችው እዚያ ላይ ነው። ቀና ብላ ያየችው፣ የጠበቀችው፣ ያን ነው። ምን ዓይነት ሰው እንዳገባች ከኔ ሃያ አንድ ዓመት ቀድማ አነበበች።

ልጄ ዌንጁን፣ ደብዳቤሽን አልጠይቅሽም። ማንበብ ትችያለሽ፤ ለዚያ ብዙ ደክሜያለሁ። ግን ልጁ የጻፈልሽን ቃል አንድ ጊዜ በእናቱ ፊት ይበለው። በአፉ። ስምሽን ጠርቶ።

ሃንሼንግ በጂውጂያንግ ከአማቱ ጋር ነጋዴ ሆነ፤ ተመልሶ አልመጣም። እኔ ያን ቀን ቋጠሮዬን ይዤ ወደ ሥራ ቤቱ ተመለስኩና የቀሩትን አሥራ አንድ ሳህኖች ፈጨሁ። እሱ ሄደ። እኔ ቀረሁ።